ሥርጉትና እሺ ብቻ የቀረው ባሏ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሽሮና በርበሬ የሚገዛ ሰው ሥርጉትን ያውቃታል። የባልትና ሱቋ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ በበሩ ያለፈ ሁሉ ያስነጥሰዋል። እሷም «ይማርህ!» ትልና ሰውየው አመስግኖ ሳይጨርስ «ካስነጠስክ አይቀር ሩብ ኪሎ ያዝ» ብላ ትጨምርበታለች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ስትስቅ ከድምፅዋ በፊት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ባሏ ብሩ ትቷት የሄደ ጊዜ ሰፈሩ ተሰልፎ ሊያጽናናት መጣ። ከአጽናኙ ግማሹ ወሬ ፈላጊ መሆኑን አላጣችውም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የየራሱን ታሪክ ሰጠችው። ለአንዱ «ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ ነው» አለች። ለሌላው «ቢስቲማ መሬት ወርሶ በሬ ሊጠምድ ገባ» አለች። ወሬ በማዳረስ ለምትታወቀው ለብዙዬ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ፤ መንኩሶ ነው» አለቻት።

ብዙዬ ምስጢር ጠበቀች ለማለት ይከብዳል። በሳምንቱ ሰዎች ጧፍና ዘቢብ ይዘው ወደ ሱቁ መምጣት ጀመሩ፤ «ለአባ ብሩ አድርሽልን፤ በጸሎት ያስቡን» ይላሉ። ሥርጉት የመጣውን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ትሰጥና «ደርሶታል፤ ስማችሁን እየጠራ ጸልዮላችኋል» ትላለች። አንዷ ሴትማ ዓመት ሙሉ ያሠቃያት የወገብ ሕመም ከዚያ ወዲህ እንደተሻላት ምላ ተናገረች።

ብሩ ግን ያኔ ኮምቦልቻ ነበር።

ብሩ ደላላ ነው። ቤት ያከራያል፣ ከብት ያሻሽጣል፣ መኪና ያገናኛል፤ የሚኖረው በአፉ ነው። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ሲያከራይ «ከዋክብት እየቆጠርክ የምትተኛበት» ይላል። የሚያነክስ ፈረስ ሲያሻሽጥ «እርምጃውን አይተሃል? እየጨፈረ እኮ ነው» ይላል። ሥርጉትንም ያገኛት በዚያው አፉ ነበር። በወጣትነታቸው በቁርባን ተጋቡ፤ ልጅ ግን አልተሰጣቸውም። ኮምቦልቻን ደረቅ ወደቡና ፋብሪካው ሲያደምቋት ብሩ በየጠዋቱ በሐረጎ ቁልቁለት እየወረደ ማታ ይመለስ ጀመር። ቀጥሎ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚመጣ ሆነ። በመጨረሻ የሚመጣው ስሙ ብቻ ሆነ፤ ወደቡ አካባቢ ሻይ ቤት ካላት ጽናት ከምትባል ወጣት ጋር እንደሚኖር የሐረጎ ሚኒባስ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ተቋርጦ የነበረው ስልክ የተከፈተ ዕለት አገር ሁሉ «አለህ ወይ? አለሽ ወይ?» ሲባባል ሥርጉት ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዋለች። አልደወለም።

ያን ዕለት ብቻ ማንንም ሳታስቅ መዋሏን ጎረቤቷ ፈትሂያ አስተውላለች።

ዓመታት አለፉ። በአንድ የጥቅምት ጠዋት አንድ ሚኒባስ ሱቁ በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ አንዲት ከሲታ ወጣት ሴት ወረደች። ከዚያ ሾፌሩና ረዳቱ አንድ ሰው ተሸክመው አወረዱና የሱቁ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሰውየው ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ ሴትየዋ ሮጣ በትከሻዋ ደገፈችው።

«እትዬ ሥርጉት እርስዎ ነዎት?» አለች።

«እስካሁን ነኝ» አለች ሥርጉት፣ ዓይኗን ከሰውየው ሳትነቅል።

«ጽናት እባላለሁ፤ ከኮምቦልቻ ነው የመጣሁት። ስትሮክ ነው አሉ። ክረምቱን ሙሉ አስታመምኩት። ሻይ ቤቴም ተዘጋ፤ አሁን አቅም አጣሁ። የሚወስደው ዘመድ ስፈልግ ስፈልግ እርስዎ... በሕይወት እንዳሉ የነገሩኝ ገና በቅርቡ ነው።»

«በሕይወት?»

ጽናት መሬት መሬት እያየች፣ «ሚስቴ ሞታለች ነበር ያለኝ» አለች። «ተዝካሯንም አውጥቻለሁ ብሎኛል። አንድ ቀን አብሬው ቁጭ ብዬ አልቅሼልዎታለሁ።»

የሥርጉት ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ሲመጣ መደርደሪያውን ይዛ ነው የቆመችው። «እኔ ደግሞ እዚህ አመንኩሼዋለሁ! እሱ ገደለኝ፣ እኔ አመነኮስኩት!» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ስትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ይኸውልሽ እህቴ፤ ስትወስጂው አፉም እግሩም ሙሉ ነበር። ጎዶሎ አልረከብም።»

ጽናት የመድኃኒት ፌስታሏን አጥብቃ ያዘች። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ሥርጉት የልጅቱን እጆች አየች፤ በኦሞና በበረኪና ተልጠው ጣቶቿ መሰነጣጠቅ ጀምረዋል። እነዚያ እጆች ክረምቱን ሙሉ ምን ሲያጥቡ እንደከረሙ ለመገመት አዋቂ አያስፈልግም።

«በይ ሂጂ» አለቻት በመጨረሻ። «ሚኒባሱ ጥሎሽ እንዳይሄድ።»

ጽናት መድኃኒት የያዘውን ፌስታል ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላዋ እያየች ሄደች። ሥርጉትና ብሩ ተያዩ። ጸጉሩ ሸብቷል። የአፉ አንድ ጎን ወርዷል።

«ብሩ» አለችው።

«እሺ» አለ።

«እኔ ማን ነኝ?»

«እሺ።»

«እሺ ብለህ የማታውቅ ሰውዬ!» አለች ሥርጉት።

እውነትም ሌላ ቃል አልነበረውም። ሐኪሞቹ ለጽናት እንደነገሯት በሽታው ንግግሩን ሲወስድ አንድ ቃል ብቻ ተወለት፤ ሲያለቅስም ሲለምንም ውሃ ሲጠይቅም የሚወጣው ያቺው «እሺ» ናት። በትዳራቸው ዘመን ሥርጉት ከዚህ ሰው አንድ እሺ ለማግኘት ስንት ቀን ትለፋ ነበር!

ፈትሂያ ከአጥሩ ማዶ ሰምታ መጣች። «ያረቢ! ይሄ ብሩ ነው? ወላሂ ሥርጉቴ፣ እኔ ብሆን በመጣበት ሚኒባስ ነበር የምመልሰው» አለች፤ ይህን እያለች ግን በአንድ ጎኑ ገብታ ደግፋዋለች። ሁለቱ ሴቶች «ለዛሬ ብቻ» እየተባባሉ ወደ ጓዳ አስገቡት። ሥርጉት ፈትሂያን አጠገቡ አስቀምጣ ነጠላዋን ለበሰችና ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ አግማስ ሄደች።

መምሬ አግማስ ለስላሳ ሽማግሌ ናቸው። ሥርጉት ስትመጣ በአንድ ዓይናቸው ይስቃሉ፣ በሌላው ይጠነቀቃሉ። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«አስታሚው ብለው ያዝዙኛል መምሬ?»

«አላዝሽም።»

«ለምን?»

«ትቶሽ የሄደው እሱ ነው። በሩን ብትዘጊበት እኔ አልወቅስሽም፤ ሰውም አይወቅስሽም።»

«አዩ፣ እዚህ ላይ ነው የበደሉኝ» አለች ሥርጉት። «ቢያዝዙኝ ኖሮ አሻፈረኝ ብዬ እገላገል ነበር።»

«አውቄ ነው ያላዘዝኩሽ» አሉ መምሬ።

ከእሳቸው ዘንድ ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ገባች፤ ቅዳሴው ወጥቶ ውስጡ ባዶ ነበር። ከስቅለቱ ሥዕል ፊት ቆመችና፣ ማንም አይሰማኝም ብላ ድምፅዋን አውጥታ ተናገረች። በኋላ እንደሰማነው የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ከምሰሶው ጀርባ ሲጠርግ ነበር።

«አንተ ለሰቀሉህ ነው የሞትክላቸው። መልካም። ግን አንተ አምላክ ነህ፤ በሦስተኛው ቀን ተነሣህ። እኔ ይህን ሰውዬ ሳነሣና ሳስተኛ ስንት ዓመት ልኖር ነው? የእኔን ሦስተኛ ቀን የሚነግረኝ አለ?» አለች። ጥቂት ጠበቀች። «እሱም ዝም፣ አንተም ዝም። ከሁለት ዝምተኛ ጋር ምን ልሁን?»

ቤቷ ስትደርስ ብሩ ልብሱን አርጥቧል። ፈትሂያ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና፣ «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» ትላለች። ሥርጉት ነጠላዋን አንጠልጥላ እጅጌዋን ሰበሰበች። በዚያው ቀረ።

እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥርጉት በጣም ተደስታ ነበር። ለዓመታት የምትነግረው ሰው አጥታ የተከማቸ ንግግር ነበራት፤ አሁን አድማጩ አልጋ ላይ ነው፤ አይነሣም፣ አያቋርጣትም፣ አይከራከራትም። ጠዋት ፊቱን እያጠበች ትጀምራለች።

«ያን ጊዜ እናቴ ስትታመም ሥራ አለኝ ብለህ የቀረኸው ካርታ ስትጫወት ነበር አይደል?»

«እሺ።»

«ከእኔ የተሻለች ሴት ደሴም ኮምቦልቻም የለችም አይደል?»

«እሺ።»

«አህያ ነህ?»

«እሺ።»

ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ካለ ደግሞ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «ብሩ፣ የዛሬው በርበሬ አንደኛ ነው አይደል?» ትለዋለች። «እሺ» ይላል ከጓዳ። «ሰማችሁ? ደላላው መስክሯል!» ሰው ይስቃል። ብዙዬ «አባ ብሩ ከገዳም መጡ እንዴ?» ብላ ስትጠይቅም ሥርጉት ቆፍጠን ብላ፣ «የዝምታ ስእለት ተስለው ነው የመጡት፤ እሺ ከማለት በቀር አልተፈቀደላቸውም» ብላታለች።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ግን ሳቅ አልነበረም። ብሩ ከባድ ሰው ነው። እንዳይቆስል በየጊዜው ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ያጎረሱትን ከአገጩ መጥረግ። የሥርጉት ወገብ ጎበጠ፤ ቀኝ ጉልበቷም እያበጠ መሄድ ጀመረ። በርበሬ መቀንጠስና ሽሮ ማዘጋጀት ወደ ኋላ ቀረ፤ ደንበኞቿም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሱቅ ዞሩ።

በዐቢይ ጾም ውስጥ አንድ ቀን፣ ጠዋት ያጠበችውን ሰው ረፋዱ ላይም መልሳ ስታጥብ ሊጥ የያዘ እቃዋ ተደፋ፣ ደንበኛም ተቆጥቶ ሄደ። ሥርጉት በንዴት ተሞላች። ለብሩ ምሳ ሽሮ ስትሠራ ሚጥሚጣውን አነሣችና እፍኝ ያህል ጨመረችበት። ተንኮል ነው፤ ቀልድም ነው። እንትፍ ሲል፣ ሲቆጣ፣ እንደ ድሮው ሲፎክር ልታየው ፈለገች።

አጎረሰችው። የብሩ ፊት ቀላ። ዓይኑ እንባ አፈሰሰ፤ ንፍጡም ወረደ። ዋጠው። ሥርጉት ሁለተኛውን ጉርሻ ይዛ ቀረች፤ እንትፍ እስኪል እየጠበቀች። ብሩ ግን ቀና ብሎ አያት። የሠራችውን አውቋል። የሚጎርሰው እየተቀጣ መሆኑን አውቋል።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። አፉንም ለሁለተኛው ጉርሻ ከፈተ።

ሥርጉት ሳህኑን ወርውራ ወደ ጓሮ ወጣች። ፈትሂያ ስትደርስ የልብስ መታጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። «ምን አደረገሽ?» አለች ፈትሂያ። «ምንም» አለች ሥርጉት፤ «አፉን ከፈተልኝ።» ፈትሂያ ምንም ባይገባትም አጠገቧ ተቀመጠች።

ያን ሳምንት መምሬ አግማስ ዘንድ ሄዳ እንደተለመደው ሳትቀልድ ተናገረች። «መምሬ፣ እኔን ሰው ጻድቅ ይለኛል። ያስታመምኩት ግን ግማሹ ለብቀላ ነው። ተኝቶልኝ እንደፈለግኩ ልናገረው ነው።»

«ግማሹስ?»

«ግማሹን እንጃ። ጠዋት ተነሥቼ ሳየው፣ ሞቶ እንዳይሆን እፈራለሁ።»

መምሬ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እግዚአብሔር ግማሽም ሲሰጡት ይቀበላል ልጄ። ሌላውን ግማሽ ራሱ ይሞላዋል» አሉ።

የስቅለት ዕለት ሥርጉት ብሩን ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትወስደው ቆረጠች። የፈትሂያ ባል ሀፊዝ ባጃጅ አለው። ጠዋት መጥቶ ብሩን እንደ ሕፃን አቅፎ አስገባው፤ የፕላስቲክ ወንበሩንም ጣሪያው ላይ አሰረ።

«እትዬ ሥርጉት፣ እኔ ጁምዓ ሰግጄ ነው የምመለሰው» አላት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲያወርዳቸው።

«ዛሬ ሁላችንም ሰጋጅ ነን። አንተ ለራስህ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ትጨርሳለህ፤ እኔ የሁለት ሰው አለብኝ» አለችው። ሀፊዝ ቀልድ መስሎት ስቆ ሄደ።

ቀልድ አልነበረም። ብሩን ከዋርካው ጥላ ሥር በወንበሩ አስቀምጣ፣ ጋቢ አልብሳው፣ ከሕዝቡ ጋር መስገድ ጀመረች። ሰው አንድ ጊዜ ሲሰግድ እሷ ሁለት ጊዜ ትሰግዳለች፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለብሩ። ከኋላዋ ያለው ሰው ተነሥታለች ብሎ ሲወርድ እሷም እንደገና ትወርዳለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በግንባሩ ተረከዟን መታት። «እህት፣ አካሄድሽን አስተካክይ እንጂ!» አላት። «ይቅርታ፣ ደራርቤ ነው» አለችው። ፀሐዩ ከረረ። ኪርያላይሶኑ ቀጠለ። ጾም አፏን አድርቆታል፤ ጉልበቷም እንደ ዳቦ አብጧል። ብሩ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ዓይኑን አልነቀለባትም።

ወደ ማታ ሲሆን ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ወጡ። ሕዝቡ ጀርባውን እየሰጠ ይጠበጠባል፤ በደሉን እየተናገረ የሚሰግደውን ብዛት ይቀበላል። ሥርጉት መምሬ አግማስ ፊት ደረሰች፤ የራሷን ተናዘዘች፤ ተቀበለች፤ ሰገደች። ከዚያ ግን አልሄደችም።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አሉ መምሬ።

«የብሩ።»

«ኃጢአቱን መናገር አይችልም።»

«እኔ እናገርለታለሁ። በቃሌ ነው የማውቀው» አለች። አጠገባቸው የነበሩ ዲያቆናት ፊታቸውን አዞሩ። መምሬም አፋቸውን በመስቀላቸው ሸፈን አድርገው ትንሽ ቆዩና ወደ ብሩ ሄዱ።

«ልጄ ብሩ፣ ተጸጽተሃል?»

«እሺ» አለ ብሩ።

መምሬ በወይራው ትከሻውን ለስለስ አድርገው ነካኩት፤ ከዚያ ለሥርጉት የሚሰገደውን ብዛት ነገሯት። ደነገጠች። «መምሬ፣ የእኔን ጉልበት አይተው ረገብ ያድርጉልን እንጂ!»

«የበደሉን ብዛት በቃሌ አውቀዋለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ» አሉ መምሬ።

ሥርጉት ነጠላዋን አጥብቃ ታጥቃ ወረደች፤ ተነሣች፤ ወረደች። ጥቂት እንደሰገደች ጉልበቷ ከዳት። ግንባሯን መሬት ላይ አድርጋ ቆየች። ሰው መነሣቷን ይጠብቃል። በእጇ አፈሩን ተደግፋ፣ እያቃሰተች ተነሣች። እንደገናም ወረደች። ስትወርድ ጉልበቷ ቀጭ ሲል ብሩ ሰምቷል።

«እም...» የሚል ድምፅ ከወንበሩ በኩል መጣ።

ማንም ልብ አላለም።

«እም... እምቢ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሥርጉት ከወደቀችበት ቀና አለች። ብሩ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ጨምድዷል፤ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል። «እምቢ!» አለ እንደገና፣ እያያት፣ እንባው በአዘነበለው አፉ ላይ እየወረደ። «እምቢ!» ጋቢውን ገፍፎ ጣለና ራሱን ወደ ፊት ወረወረ። ወንበሩ ተገለበጠ። ብሩ በግንባሩ አፈሩ ላይ ተደፋ።

ሥርጉት በእንብርክኳ ሄዳ ልታነሣው ጎተተችው። በደኅና እጁ ገፋት። «እምቢ» አለ፤ ይህኛው ግን ልመና ይመስል ነበር። በራሱ ግንባር መሬቱን ነካ፤ ጥቂት ቀና አለ፤ እንደገና ነካ። መስገድ ነበር የፈለገው፤ የራሱን፣ በራሱ። ሥርጉት ማንሣቱን ተወችው። አጠገቡ ወረደችና እሱ ግንባሩን ሲያስነካ እሷም አስነካች።

መምሬ አግማስ ወይራቸውን ለዲያቆኑ ሰጡ። እሳቸውም፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከሁለቱ ጎን ወርደው ሰገዱ። ሲነሡ ግንባራቸው ላይ አፈር ነበር። «በቃችሁ» አሉ። «ተቆጥሮላችኋል።»

ሀፊዝ ሲመጣ ሁለቱ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው በአፈርና በእንባ ተለውሷል፤ ወንበሩ ተገልብጧል። «ኧረ በነቢ! ምንድን ነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አለ።

«አይ፣ ታረቅን» አለች ሥርጉት።

ከትንሣኤ በኋላ ሰፈሩ ብሩ በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ ይናገራል ብሎ ጠበቀ። አልሆነም። እግሩ እንደነበረ ነው። ያገኘው አንድ ቃል ነው፤ እሱንም ያለ ቁጠባ ተጠቀመበት። ገላህን ልጠብህ ሲባል እምቢ። ሹሩባ የመሰለውን ጸጉርህን እንቁረጠው ሲባል እምቢ። ሥርጉት ሽሮ ስታቀርብለት መጀመሪያ ያሸተዋል፣ ከዚያ ይወስናል። መምሬ አግማስ ሊጠይቁት ሲመጡ ሥርጉት ወደ ውጭ ይዛቸው ወጣች። «መምሬ፣ ጸሎትዎ ሠርቷል፤ ግን አንድ ቃል አልፎበታል። እሺው ይሻለኝ ነበር!» አለቻቸው። ይህን ስትል ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብዙ ወር ያላየነው ሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን የድሮ በደሉን አላነሣችበትም። ማገላበጡም ማጠቡም አልቀለለም፤ እሷ ስትሠራው ግን አይከብዳትም ነበር። ብሩም በደኅና እጁ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ተማረ። አንድ ራስ ሽንኩርት ልጦ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ሥርጉት ግን በሌላ ሰው የተላጠ አትጠቀምም።

ክረምቱ መግቢያ ላይ ጽናት መጣች። ሙዝ የያዘ ፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆማ ለመግባት ፈራች። ሥርጉት ግቢ አለቻት፤ በብሩ አልጋ ጫፍ አስቀመጠቻትና ሰውን ሁሉ ላብ የሚያጠምቅ ነገር ጠየቀች።

«ብሩ፣ እውነቱን ተናገር። ከሁለታችን የትኛዋ ታምራለች?»

ብሩ ወደ አንዷ አየ፣ ወደ ሌላዋ አየ። ሁለት ቃል አለው፤ ሁለቱም አያዋጡትም። ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መሰለ። ሥርጉት ሳቋን ስትለቀው ጽናትም ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ተንበርክካ የሥርጉትን እግር ያዘች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጥዬው ሄድኩ። ታሞ ጥዬው ሄድኩ።»

«ተነሺ። ጉልበቴን ነው የያዝሽው፤ እሱ ያመኛል» አለች ሥርጉት። አነሣቻት። «ክረምቱን ሙሉ እንዳጠብሽው እጅሽ ነግሮኛል። በይ አሁን ያን ውሃ አሙቂልኝ፤ ገላውን የሚታጠብበት ሰዓት ነው። ሁለት ከሆንን እምቢ ማለት ይከብደዋል።»

ጽናት ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ከኮምቦልቻ ትመጣለች። ሰፈሩ መጀመሪያ ተንሾካሾከ። ብዙዬ «ይህችኛዋስ ማን ናት?» ብላ ስትጠይቅ ከሥርጉት ምን ሰምታ እንደሄደች እስካሁን አልታወቀም፤ ብቻ ብዙዬ ጽናትን ባየች ቁጥር ጎንበስ ብላ ሰላም ትላለች።

ባለፈው ጥር የሥርጉት ጉልበት ጨርሶ አላራምድ አለ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝታ ስትታከም ጽናት ደሴ ሰንብታ ብሩን አስታመመች። የመውጫዋ ዕለት ጽናት ብሩን ብቻውን ቤት መተው ፈርታ በሀፊዝ እርዳታ እሱንም ይዛ ልታመጣት ሄደች። ሲመለሱ ሦስቱ አንድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብሩ መሐል ነው፤ መኪናው ገና ሳይነሣ እንቅልፍ ወስዶት ራሱን ጽናት ትከሻ ላይ ጣለ፤ ለሃጩ ሹራቧ ላይ ይወርዳል። ሥርጉት ከዘራዋን አቅፋ በመስኮት የገብሱን ማሳ ታያለች።

ከፊታቸው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ዘወር ብለው አዩዋቸው።

«እናንተ ልጆች፣ ምንና ምን ናችሁ?» አሉ።

ጽናት ቀላች።

«እህቴ ናት እማማ» አለች ሥርጉት።

አሮጊቷ ሁለቱንም በጥሞና መረመሩ። «ትመሳሰላላችሁ» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አፍንጫችሁ አንድ ነው።»

የሥርጉት ትከሻ ተነሣ። ጽናት አፏን በእጇ ከደነች፤ ግን አልሆነላትም። ወደ ደሴ እስኪገቡ ድረስ ሁለቱም ሳቁ፤ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ደጋግሞ ቢጠይቅም መልስ የሚሰጥ ሰው አላገኘም።